በመስቀል ሰሞን ወላጆቼን ኬኖሻ ፓስ ልወስዳቸው ነው፣ ከሰል ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ?

ሚሚ_ከአውሮራ

ሰላም ቤቶች እንደምን ሰነበታችሁ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከመጡ ሶስት ሳምንታቸው ነው፣ እስካሁን ያዩት ነገር ቢኖር ኮስትኮን፣ ቤተክርስቲያንን እና የኔን አፓርታማ ነው። አባዬ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ምዕራብ ተራራውን እያየ ይውላል፣ ባለፈው "ልጄ፣ ያ ተራራ አይኬድበትም እንዴ? ለማየት ብቻ ነው ያስቀመጡት?" ሲለኝ እውነቴን ነው አፈርኩ። አስራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ ተራራው ላይ የወጣሁት ሁለቴ ነው፣ አንዱ ለሰው ሰርግ ፎቶ ነበር አንዱ ደግሞ ጂፒኤስ አሳስቶኝ።

አንዷ የስራ ባልደረባዬ በሴፕቴምበር መጨረሻ ኬኖሻ ፓስ የሚባል የተራራ ማለፊያ ላይ አስፐን የሚባለው ዛፍ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናል ብላ ፎቶ አሳየችኝ፣ ልክ አደይ አበባ ተራራውን ያለበሰው ነው የሚመስለው፣ ቀኑ ደግሞ ከመስቀል ጋር ይገጥማል። በቃ እዛ ወስጃቸው እማዬ ከዛፉ ስር ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና ታፍላልን አልኩ። ከሰልና ምድጃ ይዤ፣ ዕጣን አጭሰን፣ ከተቻለም ድንኳን ተክለን አንድ ሌሊት ብናድር። ባለቤቴ ግን ከሰል ይዘሽ ጫካ ገብተሽ ልትታሰሪ ነው እያለኝ ነው፣ እውነቱን ነው ወይስ ስንፍናውን እየሸፈነ ነው?

ሌላ ደግሞ እማዬ ደም ግፊት አለባት መድሃኒት ትወስዳለች፣ ከፍታው ይከብዳት ይሆን? አውሬስ? ድብ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ አባዬ ግን የደብረ ብርሃን ሰው ስለሆነ የጠየቀኝ "ጅብ አለ ወይ" ብሎ ነው። መግቢያ ይከፈላል? የመኪና ታርጋ ሳድስ የፓርክ ብለው የጨመሩብኝ ብር አለ፣ እሱ እዚህ ይሰራል? ልጆቼ 7 እና 11 ዓመታቸው ነው። በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ዳኜ_285

እህቴ እንኳን ደህና መጡልሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኬኖሻ ፓይክ ናሽናል ፎረስት ውስጥ ነው፣ ናሽናል ፎረስትና ናሽናል ፓርክ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ናሽናል ፓርክ ማለት እንደ ሮኪ ማውንቴን በር አለው፣ ትኬት አለው፣ በሰሞኑ ደግሞ የመግቢያ ሰዓት ቀድመሽ ካልያዝሽ ይመልሱሻል። ናሽናል ፎረስት ግን በግብርና መስሪያ ቤቱ ስር ነው (አዎ ግብርና፣ እኔም ስሰማ ገርሞኝ ነበር)፣ አብዛኛው ቦታ በርም የለው ጠባቂም የለው ክፍያም የለው። ለዛ ነው ጫካው ውስጥ እንጨት የሚቆርጥም፣ ከብት የሚያግድም፣ ሞተር የሚነዳም፣ የሚያድንም የምታይው፣ ሁሉም በየፈቃዱ። አባትሽ ላም ሲያዩ እንዳይደነግጡ ንገሪያቸው ሃሃ።

ታርጋ ስታድሺ የከፈልሽው ኪፕ ኮሎራዶ ዋይልድ የሚባለው ነው፣ እሱ ለስቴት ፓርኮች ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ እንደ ቼሪ ክሪክ ላሉት። ከፍለሽ ካልተጠቀምሽበት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ቼሪ ክሪክ ውሰጃቸው፣ ቤትሽ አጠገብ ነው እኮ። ለኬኖሻ ምንም አይጠቅምሽም አያስፈልግሽምም።

ዋናው ችግር ፓርኪንግ ነው። የአስፐን ሰሞን ቅዳሜና እሁድ ወደዛ የሚወስደው 285 መንገድ ዳር ዳሩ መኪና ነው የሚሆነው፣ ሰው ልጅ ይዞ አስፋልት ያቋርጣል፣ ትኬት ይጻፋል፣ እሁድ ከሰዓት መመለሻው ደግሞ ቤይሊ የምትባለው ከተማ አካባቢ ቆመሽ ነው የምትውይው። ስለዚ ከቻልሽ ፈቃድ ወስደሽ በስራ ቀን ሂጂ፣ ከአውሮራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጪ (በሀበሻ አቆጣጠር ነው የምልሽ)። እዛ ስትደርሺ ኮሎራዶ ትሬል የሚባለው የእግር መንገድ አስፋልቱን ያቋርጣል፣ ከዴንቨር ዱራንጎ ድረስ 567 ማይል የሚሄደው ማለት ነው፣ አንቺ ግን አንድ ማይል ብቻ ነው የምትፈልጊው። በምዕራብ በኩል ያለውን ከያዝሽ ትንሽ እንደሄድሽ ዛፉ ይከፈትና ሳውዝ ፓርክ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ከነተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መንገዱ ቀላል ነው ለወላጆችሽ አይከብድም።

ስለ ከሰሉ አያ ጫካው ቢመልስልሽ ይሻላል፣ እኔ ከተናገርኩ እሳደባለሁ።

አያ_ጫካው

ዳኜ ነገሩን ለኔ ጣልከው አይደል። ልጄ፣ ባለቤትሽ እውነቱን ነው፣ ምናልባት ስንፍናም አለበት ግን እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫካው ሲደርቅ የሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት፣ ፎረስት ሰርቪሱ፣ የእሳት ገደብ ያወጣል፣ ደረጃ አለው። ስቴጅ 1 ከሆነ እንጨትም ከሰልም ማንደድ የሚቻለው በተሰራ ካምፕግራውንድ (የድንኳን ማደሪያ) ወይም ፒክኒክ ቦታ ውስጥ መስሪያ ቤቱ ራሱ በተከለው የብረት ወይም የሲሚንቶ ማንደጃ ላይ ብቻ ነው። የራስሽን ምድጃ ይዘሽ ዛፍ ስር ቁጭ ማለት ክልክል ነው። ስቴጅ 2 ከሆነ ደግሞ በዛ ማንደጃም ቢሆን አይቻልም። በሁለቱም ጊዜ የሚፈቀደው መክፈቻና መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው፣ ጠምዘዝ ስታደርጊው ድርግም የሚለው። ገደብ ተጥሶ ከተገኘ ቅጣቱ እስከ 5,000 ዶላር ወይም እስከ 6 ወር እስር ወይም ሁለቱም ነው። ካውንቲውም የራሱን ገደብ ያወጣል፣ ኬኖሻ ያለው "ፓርክ" በሚባለው ካውንቲ (ወረዳ) ውስጥ ስለሆነ ከመሄድሽ ቀን በፊት የሁለቱንም ድረገጽ እይ፣ በሳምንት ውስጥ ሊቀየር ይችላል። ገደብ ባይኖር እንኳ እኔ ብሆን ከሰል አልይዝም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እዚሁ ፓይክ ጫካ ውስጥ በ2002 ጁን 8 ቀን ሄይማን የተባለው እሳት ተነሳ። እሳት በተከለከለበት ወቅት ሰው ያስነሳው እሳት ነው፣ የሚያሳዝነው ደግሞ እዛው ጫካ ውስጥ የምትሰራ ሰራተኛ ነበረች፣ ደብዳቤ ሳቃጥል ነው አለች፣ ጥፋተኛም ተባለች። ወደ 138,000 ኤከር ነደደ። ይሄ ስንት ነው ካልሽኝ አዲስ አበባን ከነዳር ዳሯ የሚያክል ነው፣ 133 መኖሪያ ቤት አብሮ ሄደ። እኔ ያኔ ዴንቨር ታክሲ እነዳ ነበር፣ ጠራራ ፀሀይ ላይ ሰማዩ ብርቱካን ሆኖ መኪናዬ ላይ አመድ ሲወርድ አስታውሳለሁ። አንዳንዱ ቦታ ዛሬ ድረስ ዛፍ አልበቀለበትም፣ ብትሄጂ ታይዋለሽ፣ ደረቅ ግንድ ብቻ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የኛ የራሳችን ልማድ ነው። እኛ ከሰል አጠፋን ስንል ምን እናደርጋለን? አፈር እናለብሰዋለን። እናቶቻችን እኮ ማታ እሳት የሚያዳፍኑት ለማጥፋት አይደለም፣ አመድ አልብሰው ለጠዋት ለማሳደር ነው! ረመጡ ሌሊቱን ሙሉ ስር ለስር ይቆያል፣ ጠዋት ጫር አድርገሽ እፍ ስትይው ይነሳል። ጫካ ውስጥ አፈር አልብሰሽ ሄድሽ ማለት እሳቱን ለነፋሱ አዳፍነሽለት ሄድሽ ማለት ነው፣ ያውም እዛ ያለው አፈር ሳይሆን የተከመረ የደረቀ ቅጠልና ስር ነው። እኔ ራሴ የዛሬ ብዙ ዓመት አንድ ሀይቅ ዳር በግ ጠብሰን ከሰሉን ቀብረን ልንሄድ ስንል ሬንጀር (የጫካ ጠባቂ) መጣ፣ ጓንቱን አወለቀና እጁን አፈሩ ላይ አደረገ፣ ቶሎ አነሳው። ከዛ ለኔ አንተም ሞክር አለኝ። ትኬቱን ሳልከራከር ነው የተቀበልኩት። ትክክለኛው አጠፋፍ ውሃ ማፍሰስ፣ ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ፣ በባዶ እጅ ስትነኪው ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ ነው።

ዕጣኑም ፍም ስለሚፈልግ ያው ነው ልጄ። ዕጣኑን ቤት አጭሳችሁ ልብሳችሁ ላይ ይዛችሁት ሂዱ።

ቤቢ_ቲ

አያ ጫካው ሁሌ ያስፈራራል ግን ልክ ነው። ሚሚዬ እኔ በጋዝ ቡና አፍልቼ አውቃለሁ፣ ሶስት ስህተት ሰርቼ ነው የተማርኩት ስለዚ ላንቺ ላትርፍልሽ።

አንደኛ ያቺ ቤት ውስጥ ለቡና የምንጠቀምባት ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ጋዝ ምድጃ፣ ረጅም ጣሳ ጎኗ ውስጥ የሚገባባት፣ እሷን ይዘሽ እንዳትሄጂ። ውስጡ ያለው ቡቴን ነው፣ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጋዝ መሆኑን ያቆማል፣ ጣሳው ሙሉ ሆኖ ምድጃው እምቢ ይላል፣ እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጣሳ ብብቴ ስር ይዤ እያሞቅኩ ነበር። ፕሮፔን ግዢ፣ አረንጓዴዋ አጭር ወፍራም ጣሳ፣ የትም ሱቅ የካምፒንግ እቃ ጋ አለች፣ እሷ ብርድ አትፈራም።

ሁለተኛ የሸክላ ጀበና በቀጥታ የጋዝ ነበልባል ላይ በብርድ ጠዋት ከጣድሽ ጧ ይላል፣ የኔ ከሀረር የመጣች ጀበና እንደዛ ነው ያለቀችው አሁን ድረስ አልረሳትም። ወይ የብረት ጀበና ያዢ ወይ ስሯ ወፍራም ብረት ነገር አድርጊና ቀስ ብለሽ አሙቂያት።

ሶስተኛ እዛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ቡናው ቶሎ ይገነፍላል ግን አልበሰለም፣ ትንሽ ደጋግማችሁ አንተክትኩት። እዛ ሄጄ ምስር እሰራለሁ ባቄላ እቀቅላለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፣ ወጡን ቤት ሰርተሽ እዛ ማሞቅ ብቻ። ለልጆቹ ደግሞ ቺፕስ ከያዝሽ ከረጢቱ እንደ ኳስ ተነፍቶ መኪና ውስጥ ፓ ሲል እንዳትደነግጪ፣ እኔ ጎማ ፈነዳ ብዬ ዳር ይዤ ቆሜያለሁ።

ቄጠማውን ግን ከቤት ይዘሽ ሂጂ ወይ ተዪው፣ እዛ ያለውን ሳር እያጨድሽ አትጎዝጉዢ።

ነርስ_በእረፍቷ

ስለ እናትሽ እኔ ልመልስ፣ ግን ሃኪማቸውን የሚተካ አይደለም። ኬኖሻ 10,000 ጫማ ነው፣ ወደ 3,050 ሜትር። ይሄ ማለት እንጦጦ ማርያም አካባቢ እንደመውጣት ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ አውሮራ ግን 1,650 አካባቢ ብቻ ነው። ሁላችንም ኮሎራዶ ከፍታ ነው እንላለን እንጂ ወላጆችሽ ከላይ ወደ ታች ነው የወረዱት! ሶስት ሳምንት እዚህ ስለቆዩ የከፍታ ልምዱ ትንሽ ሊለቃቸው ይችላል እንጂ እውነቱን ልንገርሽ እዛ ላይ ቀድመሽ የምታለከልኪው አንቺ ነሽ።

ይሄ ማለት ግን ዝም ብሎ መሄድ አይደለም። የከፍታ ህመም ከ2,500 ሜትር በላይ ማንንም ሊይዝ ይችላል፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ከመጣ መድሃኒቱ መውረድ ነው፣ ትንሽ ይለፍልኝ ብሎ መቀመጥ አይደለም። የደም ግፊት መድሃኒቷን በሰዓቷ ትውሰድ፣ ለጉዞ ብላ እንዳትዘል (እናቶቻችን ሽንት ያስሮጠኛል ብለው የሚዘሉት ነገር አለ አውቃለሁ)። ግፊቷ ካልተስተካከለ ወይም የልብ ችግር ካለ ከመሄዳችሁ በፊት ሃኪም ጠይቁ። ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ አየሩ በጣም ደረቅ ነው። ኮፍያና የፀሀይ ቅባት አትርሺ፣ ብርድ ስለሆነ ፀሀይ የለም እንዳይመስላችሁ።

ማደሩን ግን እኔ አልስማማም። በሴፕቴምበር መጨረሻ እዛ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ በረዶም ሊጥል ይችላል። ለሽማግሌ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ፣ ሌሊት ለሽንት ተነስቶ በጨለማ... ደርሶ መልስ ይበቃል።

የሸዋ_ውርጭ

ነርስ ይቅርታ ግን የደብረ ብርሃንን ሰው በብርድ ታስፈራሪያለሽ እንዴ ሃሃሃ። 2,800 ሜትር ላይ ተወልዶ በህዳር ውርጭ በባዶ እግሩ በግ ሲያግድ ያደገ ሰው እኮ ነው። እኔ አባቴን ባለፈው ዓመት ወስጄው አደርን፣ ሌሊት በብርድ የተንቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ እሱ ያንኮራፋል። ጠዋት ተነስቶ "ይሄ ነው አየር ማለት፣ እናንተ ሰፈር እኮ እንቅልፍ የለም" አለኝ።

ግን ካደራችሁ ጋቢ ብቻ እንዳትተማመኑ፣ ጋቢ ጥጥ ነው ጤዛ ከነካው ያልቃል፣ ከስር ፍራሽ ነገር ያስፈልጋል ምክንያቱም ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው፣ ስሊፒንግ ባጉም ከዜሮ በታች የሚችል ይሁን። ኬኖሻ ጋ የፎረስት ሰርቪስ ካምፕግራውንድ አለ። ሌላ ቦታ ብዙዎቹ ካምፕግራውንዶች ሪክሪዬሽን ዶት ጋቭ በሚባለው የመንግስት ቦታ ማስያዣ ድረገጽ ከስድስት ወር በፊት ነው የሚከፈቱት፣ ሰው ተሻምቶ ነው የሚይዘው። ካልሆነ ደግሞ ጫካው ውስጥ ያለክፍያ ማደርም አለ፣ ዲስፐርስድ የሚሉት፣ ግን ውሃ የለም ሽንት ቤት የለም ስልክ አይሰራም። መኪና የት የት እንደሚገባ የሚያሳይ ነጻ ካርታ አላቸው፣ ቤት ሆነሽ ስልክሽ ላይ አውርጂው። ሰው ከዚህ በፊት ያደረበት ቦታ ላይ ነው ድንኳን የሚተከለው፣ ከወንዝና ከሀይቅ ሰባ እርምጃ ያህል ርቀሽ፣ ለሽንት ቤት ደግሞ ትንሽ አካፋ ይዘሽ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረሽ ነው። እናትሽ ለዚህ ፈቃደኛ ከሆኑ እሺ።

ነርስ_በእረፍቷ

@የሸዋ_ውርጭ አባትህ ስንት ዓመታቸው ነው? እሷ ያለችው እኮ ደም ግፊት ስላለባት እናት ነው፣ ውርጭ ስላሸነፉ አባት አይደለም።

የሸዋ_ውርጭ

እሺ እሺ ተሸነፍኩ። እናትየዋ ቤት፣ አባትየው ድንኳን 😂

ዳኜ_285

ስለ አውሬው ማንም አልመለሰላትም። ጅብ የለም፣ ንገሪያቸው። ያለው ጥቁር ድብ ነው፣ በመከር ወቅት ደግሞ ለክረምት እንቅልፉ ስለሚወፍር ቀኑን ሙሉ መብላት ነው ስራው። ሰው አይፈልግም ምግብ ነው የሚፈልገው፣ አፍንጫው ደግሞ ጉድ ነው፣ እኛ የምንይዘው ምግብ ደግሞ... ቅቤ፣ በርበሬ፣ ዶሮ ወጥ፣ አስቢው እስኪ። ድንኳን ውስጥ ምንም የሚሸት ነገር አይገባም፣ የጥርስ ሳሙናና ቅባትም ቢሆን። ምግቡ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ በሩ ተቆልፎ። ተቆልፎ ያልኩት የኮሎራዶ ድብ የመኪና በር መክፈት ያውቃል፣ እጀታውን ይስበዋል፣ ከገባ በኋላ በሩ ከተዘጋበት ወንበርሽን ቦጫጭቆ ነው የሚወጣው። ካጋጠመሽ አትሩጪ፣ ልጆቹን ሰብስበሽ ትልቅ መስለሽ እየጮህሽ ቀስ ብለሽ ወደኋላ።

እኔ የምፈራው ግን ሙስ ነው። ፈረስ የሚበልጥ፣ ቀንዱ እንደ መዳፍ የተዘረጋ፣ ዝም ብሎ ረግረግ ውስጥ ቆሞ ሲበላ የዋህ ይመስላል፣ ሰው ፎቶ ለማንሳት ሲጠጋው ረግጦት ይሄዳል። ልጆችሽ እንዳይጠጉ። ሴፕቴምበር ላይ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘንም የፍቅር ሰሞኑ ስለሆነ ሌሊትና ንጋት ላይ ያፏጫል ይጮሃል፣ መጀመሪያ ስትሰሚው ሰው የሚታረድ ነው የሚመስለው።

የአደን ሰሞንም ስለሆነ (ሴፕቴምበር ቀስት፣ ኦክቶበር ደግሞ ጠብመንጃው ይበዛል) ከትሬሉ ወጥታችሁ ጫካ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ብርቱካን ቀለም ያለው ነገር ልበሱ። ለናንተ ግዴታ አይደለም ግን ነጭ ነጠላ ለብሶ ጫካ ለጫካ ከመሄድ ይሻላል።

ሰንበቴ

ይቅርታ በሰው ጥያቄ መሃል ገባሁ፣ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ከነቤተሰብ ወደ 90 ሰው ይዘን ወደዛው ለመሄድ አስበን ነበር፣ ከበሮም አለ። ችግር አለው?

አያ_ጫካው

75 ሰውና ከዛ በላይ ከሆናችሁ ናሽናል ፎረስት ውስጥ የቡድን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ንግድ ካልሆነ ክፍያ የለውም፣ ግን አስቀድማችሁ ወደ ሬንጀር ቢሮው ማመልከት አለባችሁ። 74 ሆነን እንሂድ የሚል ብልጥ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ችግሩ ግን ሰላሳ መኪና የት ታቆማላችሁ ነው። በአስፐን ሰሞን ኬኖሻን ተዉት፣ ሌላ ወር ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደመራ የሚባል ነገር ደግሞ አፋችሁ ላይ እንዳይመጣ፣ እሱን ቤተክርስቲያን ግቢ።

ሚሚ_ከአውሮራ

ተመልሰን መጣን!! ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በመጨረሻ ሐሙስ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድን፣ ሳናድር፣ የነርሷን ምክር ሰምቼ። የእማዬ ሐኪምም ግፊቷ ጥሩ ነው መሄድ ትችላለች አለ። ድረገጹ ላይ ስቴጅ 1 ነበር ስለዚህ ከሰሉ ቤት ቀረ፣ ባለቤቴ "አላልኩሽም?" እስከ ኬኖሻ ድረስ እየደጋገመ ነበር።

11 ሰዓት ተኩል ወጥተን ስንደርስ ገና ጨለማው እየገፈፈ ነው፣ ፓርኪንግ አገኘን፣ ብርዱ ግን! ትሬሉ ላይ ትንሽ እንደሄድን ያ ዳኜ ያለው ሜዳ ሲከፈት እማዬ ቆመች። ፀሀይዋ ወጥታ ቅጠሉን ስትነካው ምን ብዬ ልግለጽላችሁ፣ ነፋስ ሳይኖር ሁሉም ቅጠል ይንቀጠቀጣል፣ ድምጽም አለው፣ ልክ ሩቅ ዝናብ የሚዘንብ አይነት። እማዬ "ዛፍም አደይ ያወጣል እንዴ" አለች። አባዬ ደግሞ ግንዱን እየነካካ ይሄ ባህርዛፍ ቢሆን ለስንት ቤት ይበቃ ነበር እያለ ይለካል።

ቡናውን ከፓርኪንጉ አጠገብ መኪናው ኋላ ወንበር ዘርግተን በፕሮፔን አፈላን፣ የቤቢን ምክር ሰምቼ የብረት ጀበና ነበር የያዝኩት። ሁለት ፈረንጆች መቁላቱ ሸቷቸው መጥተው እስከ በረካ ድረስ ተቀመጡ። እማዬ አንድም አላማረረችም፣ ያለከለክኩት እኔ ነኝ ልክ እንደተባለው። ስንመለስ ከመንገዱ ማዶ ሶስት ላሞች ጫካ ውስጥ ቆመው አባዬ መኪና አስቁሞ ወረደ፣ "የማን ናቸው? እረኛቸውስ?" ፈቃድ ከፍሎ የሚያሰማራ ገበሬ አለ ስለው በጣም ነው የተገረመው፣ ከተማ እስክንገባ ያወራው ስለ አስፐኑ አይደለም ስለ ላሞቹ ነው። ልጆቹ ድብ አላየንም ብለው አኩርፈዋል። እማዬ የወደቀ ቅጠል አንድ እፍኝ ይዛ መጥታ ዳዊቷ ውስጥ ደርድራዋለች፣ አዲስ አበባ ልትወስደው ነው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ያቺ አረንጓዴ የፕሮፔን ጣሳ አልቃለች፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው የምትጣለው?

ቤቢ_ቲ

ኧረ አትጣያት! ባዶ ብትመስልም ትንሽ ጋዝ ይቀርባታል፣ የቆሻሻ መኪናው ሲጨምቃት ልትፈነዳ ትችላለች። ከተማው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ ይኖረዋል፣ ደውለሽ ጠይቂ፣ እስከዛ በረንዳ ላይ ጥላ ቦታ አስቀምጫት። እኔ ጋ አራት ተደርድረዋል፣ አንድ ላይ እንወስዳቸዋለን ከፈለግሽ።